መሃል ላይ ያለችው እግር፦ የማንዋል መኪናዬ ሪሞት ማስነሻ ለምን እምቢ እንዳለኝ

የምኖረው ሚኔሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ሥራ የምገባው ንጋት 12 ሰዓት ስለሆነ ከቤት የምወጣው ገና በጨለማ ነው። ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲደርስ መኪናን ቀድሞ ማሞቅ ቅንጦት አይደለም። መስታወቱ በበረዶ ይጋገራል፣ መሪው ራሱ አልታዘዝም ይላል። መኪናዬ የ2003 ሆንዳ ሲቪክ ናት፣ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል። ሪሞት ማስነሻ፣ ማለትም ቤት ሆኜ ሞተሩን በርቀት የማስነሳበት መሣሪያ፣ ከተገጠመላት ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሁለት ክረምት ያለ እንከን ሠራች። በሦስተኛው ክረምት መጀመሪያ ላይ ግን እምቢ አለች።

ይህንን የምጽፈው ችግሩን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ስለፈጀብኝ ነው። ማንዋል መኪና ላይ ሪሞት ያስገጠማችሁ ካላችሁ ደግሞ ጉዳዩ ከመነሳትና ካለመነሳት ያለፈ ነው። እኔ ቤት አደጋ ሊያደርስ ለጥቂት ነው የቀረው።

ማንዋል ላይ ሪሞት ሲገጠም ትልቁ ጥያቄ አንድ ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን መሣሪያው በምን ያውቃል? አውቶማቲክ መኪና ይህን ራሱ ይነግረዋል፣ ማንዋል ግን አይናገርም። ስለዚህ መሣሪያው እኔን ቅደም ተከተል ያስጠብቀኛል። ሞተሩ እየሠራ ማርሹን ዜሮ አደርግና የእጅ ፍሬን እስባለሁ። እግሬን ከፍሪሲዮንም ከፍሬንም አነሳለሁ። ሪሞቱን ተጭኜ ቁልፉን ስነቅል ሞተሩ አይጠፋም። ወርጄ በሩን ዘግቼ ስቆልፍ ያኔ መሣሪያው ራሱ ያጠፋዋል። ማርሽ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሊሠራ አይችልም ነበር። መሣሪያው ማርሹ ዜሮ ላይ መተዉን የሚያውቀው በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ በር ከተከፈተ፣ የገባው ሰው ማርሽ ነክቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ሁሉንም ይሰርዘዋል።

ሁለተኛው ነገር ፍሪሲዮኑ ነው። እዚህ አገር የሚሸጡ ማንዋል መኪኖች ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እንዳይዞር ተደርገው ነው የሚመጡት። ከፔዳሉ በላይ አንዲት ትንሽ ስዊች አለች። ስትረግጡ ሁለት ሽቦ ታገናኛለች፣ ስትለቁ ታቋርጣለች። ሪሞቱ ሲያስነሳ የሚረግጥ እግር ስለሌለ፣ ያንን እግር ተክቶ ሁለቱን ሽቦዎች ለአፍታ የሚያገናኝ ሪሌይ ይገጠማል። የእኔ ታሪክ በሙሉ ያለው እዚች ሪሌይ ውስጥ ነው።

ምልክቱ እንዲህ ነበር። ሪሞቱን ስጫን የፓርክ መብራቶቹ ብልጭ ይላሉ። ዳሽቦርዱ ይበራል፣ የነዳጅ ፓምፑ ሲንጫጫ ይሰማል። ከዚያ ከዳሽቦርዱ ሥር ጠቅ ይላል። ሞተሪኖው ግን አይዞርም። መሣሪያው ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይተዋል። በቁልፍ ሳስነሳ ግን ወዲያው ይነሳል።

መጀመሪያ ባትሪ ነው ብዬ ለካሁ፣ 12.5 ቮልት አለው። ከዚያ የቁልፉ መከላከያ ነው አልኩ፣ ትክክለኛው ቁልፍ ከሌለ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክለው። እሱ ቢሆን ግን በዚች መኪና ላይ ሞተሪኖው ዞሮ ሞተሩ እምቢ ይል ነበር። የእኔ ጭራሽ አይዞርም። ፊውዞቹን አየሁ፣ ደህና ናቸው። እዚህ ላይ ሐሳብ አለቀብኝ።

በዚያው ሰሞን ቅዳሜ ቀን ባለቤቴ በረዶ ሊጠርግ ወጣ። መኪናዋን ትንሽ ላሙቃት ብሎ በሩን ከፍቶ፣ ውጭ እንደቆመ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ ነበር የቆመችው። ዘልላ ከፊቷ ያለውን የበረዶ ክምር መታች። ልጃችን ከደቂቃ በፊት እዚያው ክምር ላይ ትጫወት ነበር። ደግነቱ አካፋ ልታመጣ ወደ ቤት ገብታ ነበር።

ያን ቀን «ማርሽ ሳታይ ለምን?» ብዬ ተቆጣሁ። የተኛሁት ግን በሌላ ሐሳብ ነው። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ሞተሪኖው እንዴት ዞረ? መዞር አልነበረበትም። እኔ ሁልጊዜ ረግጬ ስለማስነሳ ልብ ሳልለው ቆይቻለሁ ማለት ነው። ሪሞቱ እምቢ ማለቱና መኪናዋ መዝለሏ አንድ ነገር ሊሆኑ እንደሚችሉ የገባኝ ያን ሌሊት ነው።

ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ። ጋሼ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። ሱማሌ ተራ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርተዋል።

«ጋሼ፣ ሪሌዩ ጠቅ ይላል፣ ሞተሪኖው ግን አይዞርም» አልኳቸው።

«ጠቅታውን ተይው ልጄ። ጠቅ አለ ማለት ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔት ሆነ ማለት ነው። በዚያ በኩል መብራት አለፈ ማለት አይደለም። ፍሪሲዮኑን በእግርሽ ረግጠሽ በሪሞት ሞክረሽዋል?»

አልሞከርኩም ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ ወረድኩ። ሞተሩን አስነስቼ ቅደም ተከተሉን ጨረስኩ። ከመኪናው ሳልወርድ በሩን ከፍቼ ዘጋሁና ቆለፍኩ፣ ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ረግጬ ሪሞቱን ተጫንኩ። ወዲያው ተነሳ። እግሬን ለቅቄ ስደግመው ጠቅ ብቻ።

«በይ እንግዲህ ነገሩ ያለው ያቺ ሪሌይ ዘንድ ነው» አሉኝ። «አውጪያትና ከሥሯ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢልኝ።»

ሪሌዩን የማታውቁ ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ጥቁር ትንሽ ሳጥን ናት። 85 እና 86 የተጻፈባቸው ሁለት እግሮች ጥቅሉ ሽቦ ናቸው። በእነሱ ላይ 12 ቮልት ሲደርስ ማግኔት ይሆናል። 30 የተባለው እግር መግቢያው ነው። ሪሌዩ ሳይነካ 30 ከ87ኤ ጋር ተገናኝቶ ይቀመጣል። ማግኔቱ ሲስብ ከ87ኤ ተላቅቆ ከ87 ጋር ይገናኛል። 87ኤ ሁልጊዜ መሃል ላይ ያለችው እግር ናት።

ካቻቢቴ ይዤ ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ፈታሁ። ባትሪውን አስቀድሜ ነቅያለሁ። መሪ አካባቢ ቢጫ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች ካያችሁ የኤርባግ ናቸው፣ በምንም መሣሪያ አትንኳቸው። ሪሌይዋን ከሶኬቷ መንቀል ቀላል ነበር። ቁጥሮቹን አነበብኩላቸው። 30፣ 85፣ 86፣ 87፣ መሃል ላይ 87ኤ።

«የፍሪሲዮኑ ሽቦ የገባው የትኛው ላይ ነው?»

ሶኬቱን ገልብጬ አየሁ። አንዱ 30 ላይ፣ ሌላው መሃል ላይ። 87 ባዶ ነው።

ጋሼ ዝም አሉ። ቀጥለው «ይቺ ሪሌይ ተቀይራለች እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ተቀይራለች። መስከረም ላይ ባትሪው ሌሊት ሌሊት እየሞተ አስቸግሮኝ አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። በሰጡኝ ወረቀት ላይ «ሪሌይ ተቀየረ» የሚል አንድ መስመር ነበረ። በወቅቱ ትርጉም አልሰጠሁትም።

ነገሩ ይሄ ነው። በመልክ አንድ ዓይነት የሆኑ ባለ አምስት እግር ሪሌዮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው መሃሉ 87ኤ ነው። ሁለተኛው መሃሉም ዳሩም 87 ነው፤ ሁለቱም የሚገናኙት ሪሌዩ ሲስብ ብቻ ነው። መጀመሪያ የገጠመልኝ ሰው የተጠቀመው ሁለተኛውን ስለነበር፣ ሽቦውን መሃል ላይ ማስገባቱ ምንም አላመጣም። ሁለት ክረምት ሠራ። ጋራዡ በመጀመሪያው ዓይነት ሲተካው ግን ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ሪሌዩ ሳይስብ የፍሪሲዮን ሽቦዎቹ ተገናኝተው ይውላሉ። መኪናዋ ሁልጊዜ ፍሪሲዮኑ የተረገጠ ይመስላታል፤ ያለ እግር በቁልፍ የተነሳችውና የዘለለችው ለዚህ ነው። ሪሞቱ ሪሌዩን ሲስብ ደግሞ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ያ የምሰማው ጠቅታ የሚያገናኝ ሳይሆን የሚያቋርጥ ጠቅታ ኖሯል።

ጋራዡን አላማርርም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የሚለያቸው ያቺ አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ግን ፊደሏ ተጽፋ ነበር። የቀየረው ሰውም፣ ከጋራዡ ያወጣኋት እኔም አላነበብናትም።

በመልቲሜትር ማረጋገጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሪሌዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ 85 እና 86ን ለኩ። የእኔ 88 ኦም አነበበ። ዜሮ ካለ ጥቅሉ ሽቦ ተቃጥሎ ተያይዟል፣ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ቀጥሎ 30ን ከመሃለኛው እግር ጋር ለኩ። ዜሮ አካባቢ ካነበበ 87ኤ ነው፣ ምንም ካላነበበ 87 ነው። በመጨረሻ 86ን ከባትሪ ፖዘቲቭ፣ 85ን ከኔጋቲቭ አገናኝታችሁ 30ን ከዳሩ 87 ጋር ለኩ። አሁን ዜሮ መሆን አለበት። 2 ወይም 3 ኦም ካሳየ ውስጡ ያለው መገናኛ ከስሏል፣ ጣሉት።

መፍትሔው ምን እንደሆነ ጋሼን ስጠይቃቸው «የድሮውን ዓይነት ሪሌይ ግዢ» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላሉም። «ሽቦውን ከመሃል አንሥተሽ ዳር ላይ ወዳለው 87 አዙሪው» አሉኝ። ምክንያታቸው ልቤ ውስጥ ገባ። ዳር ላይ ያለው እግር በሁለቱም ዓይነት 87 ነው። ነገ ሌላ ሰው የትኛውንም ሪሌይ ቢሰካበት መኪናዋ አትዘልም። እኔ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ መሃሉ እግር ጭራሽ የሌለው ባለ አራት እግር ሪሌይ ገዛሁ።

እዚህ ላይ ስለ መኪናዎች ልዩነት አንድ ነገር ልበል። በእኔ መኪና ላይ የፍሪሲዮኑ ስዊች የሚያደርገው ሌላ የሞተሪኖ ሪሌይን ከኔጋቲቭ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ሽቦዎች የሚያልፈው መብራት ትንሽ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ግን ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ራሱ በዚያ ስዊች ውስጥ ያልፋል። በነዚያ ላይ የሪሞቱን የማስነሻ ሽቦ ከስዊቹ ወዲያ ማዶ ማገናኘት ይቻላል፣ ያቺ ሪሌይም አታስፈልግም። የእናንተ የትኛው እንደሆነ በሽቦው ቀለም አትፍረዱ። ስዊቹ ላይ ለኩት። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥና ሲለቀቅ፣ ቁልፉ በርቶና ወደ ማስነሻ ዞሮ፣ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ስንት ቮልት እንዳለ ጻፉ። አራት መስመር ብቻ ነው የሚሆነው፣ ግን መልሱ እዚያ ውስጥ አለ። አምፖል ያላትን መሞከሪያ ኮምፒውተር ያለበት መስመር ላይ አትጠቀሙ፣ መልቲሜትር ይሻላል።

ሽቦውን ካዞርኩ በኋላ ከመደሰቴ በፊት ፈተናዎቹን አደረግሁ። ባለቤቴ ጎማዎቹን በእንጨት ደገፈ፣ ማርሹ ዜሮ ነው፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቧል። የመጀመሪያው ፈተና መኪናዋ መነሳት የሌለባት ነው፦ ፍሪሲዮን ሳልረግጥ ቁልፉን አዞርኩ። ዝም አለች። ያቺ ዝምታ ከሁሉም በላይ አስደሰተችኝ። ረግጬ አዞርኩ፣ ተነሳች። በሪሞት ያለ እግር ሞከርኩ፣ ተነሳች። ከዚያ ደግሞ መሰረዝ ያለበት ይሰረዝ እንደሆነ አየሁ። ዝግጅቱን ጨርሼ አንዱን በር ከፍቼ ዘጋሁና ሪሞቱን ተጫንኩ፣ እምቢ አለ። ይህን አራቱም በሮች ላይ ለየብቻ አድርጉት። የኋላ በሮች ሽቦ ሳይገናኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ የሹፌሩን በር ብቻ ሞክራችሁ አትለፉ። የእጅ ፍሬኑ ሲወርድም መሣሪያው እምቢ ማለት አለበት።

ስለ እጅ ፍሬኑ ሽቦ አጭር ማስጠንቀቂያ። በብዙ መኪኖች ላይ የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሚበራው መብራትና የእጅ ፍሬኑ መብራት አንድ ሽቦ ይጋራሉ። ሪሞቱ ዳሽቦርዱ ጋ ከዚያ ሽቦ ከተቀጠለ፣ ዘይት ሲጎድል የእጅ ፍሬን የተሳበ ይመስለዋል። የእኔ በዳዮድ (መብራትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) ተለይቶ ከማንሻው ሥር ካለው ስዊች ላይ ነው የተቀጠለው። የእናንተንም አስፈትሹ።

ሁለት ሳምንት በሰላም ሄደ። ከዚያ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 26 ያሳየ ቀን፣ መኪናዋ ሌላ ድምፅ አመጣች። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና። ሞተሪኖው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፣ ይንቀጠቀጣል።

በዚህ ጊዜ ሳልደውል ራሴ ልፈልገው ወሰንኩ። በብርድ ጊዜ ባትሪ አቅሙ በጣም ይወርዳል። ሞተሪኖው ሲዞር የእኔ ወደ 9 ቮልት ይወርድ ነበር። ያም ቢሆን ሪሌይ በ9 ቮልት ይዞ መቆየት አለበት። ስለዚህ ሪሌዩ ጋ 9ኙ ሙሉ በሙሉ እየደረሰ እንዳልሆነ ጠረጠርኩ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን የሪሞት መሣሪያው ኔጋቲቭ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን የታሰረበት የሽቦው ጫፍ ላይ አደረግሁ። ባለቤቴ ሪሞቱን ሲጫን ያየሁት 1.9 ቮልት ነው። እዚያ ቦታ ላይ መሆን የነበረበት ከ0.2 በታች ነው። ሁለት ቮልት ገደማ አንዲት መጥፎ ብሎን ላይ እየቀረ፣ ሪሌዩ ጋ የሚደርሰው 7 ብቻ ነበር። ያ ስላልበቃው የእኔ ሪሌይ ይለቃል። ሲለቅ ሞተሪኖው ይቆማል። ሞተሪኖው ሲቆም ቮልቱ ተመልሶ ይወጣል፣ ሪሌዩ እንደገና ይስባል። ጠቅ ጠቅታው ይሄ ዙር ነው። በደህና ቀን ባትሪው ያን ያህል ስለማይወርድ ችግሩ ተደብቆ ይኖራል።

ብሎኗ የታሰረችው ቀለም ላይ ነበር። ፈታኋት፣ ሥሩን እስከ ብረቱ ፋቅሁት። የተበጣጠሰውን የሽቦ ጫፍ ቆርጬ ቀለበት ያለው መገናኛ በፒንሳ ጨመቅሁበትና መልሼ አጠበቅሁ። ስለካው 0.08 ቮልት። ናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎባቸው የነበሩ ሁለት ቅጥያዎችንም በዚያው በሽያጭ ሠራኋቸው። በብርድ ናስትሮ ይደርቅና ይፈታል።

ሪሌይ ስትጨምሩ ወይም ስትቀይሩ ደግሞ የመሣሪያችሁን መመሪያ አንብቡ። የእኔ በዚያ መስመር ከ0.2 አምፔር በላይ አትጫኑ ይላል። 12 ቮልትን ለ88 ኦም ስናካፍል 0.14 ነው፣ ይበቃል። ሁለተኛ ሪሌይ በዚያው መስመር ላይ ብትቀጥሉ ግን 0.28 ይሆንና መሣሪያውን ታቃጥላላችሁ። በ85 እና 86 መካከልም አንድ ዳዮድ ይግባ። ሪሌዩ ሲለቅ ከጥቅሉ ሽቦ የሚመለሰውን ኃይል እሱ ይይዘዋል። 1ኤን4001 የሚባለው ርካሹ ዳዮድ ይበቃል። ነጭ መስመር ያለበት ጫፍ ፖዘቲቩ በሚገባበት እግር በኩል ይሁን። ከተገለበጠ ሪሌዩ ከመሳቡ በፊት መሣሪያችሁ ይጎዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ከሽቦ ጋር ባይያያዝም ልናገር። መኪናችሁ የምታድረው በቤታችሁ ሥር ባለ ዝግ ጋራዥ ከሆነ በሪሞት አታስነሷት። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በተኛችሁበት ወደ ቤት ይገባል። ትንሽ ልጅ ሪሞቱን ቢጫወትበትም ያው ነው። እኔ ሪሞቱን ከቁልፉ ለይቼ ከፍ ያለ መሳቢያ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

ሥራውን ስጨርስ የዳሽቦርዱን ፕላስቲክ ከመግጠሜ በፊት አንድ ወረቀት ቆርጬ ሶኬቱ ላይ በናስትሮ ለጠፍኩበት። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጻፍኩት፦ «ባለ አራት እግር ሪሌይ ብቻ። መሃሉ ባዶ ይቅር። ከቀየራችሁ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ በቁልፍ እንደማይነሳ ሞክሩ።» ፎቶውን ለጋሼ ላክሁላቸው። በማግሥቱ ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች 22 ነበር። በመስኮት እያየኋት ሪሞቱን ተጫንኩ፣ በመጀመሪያው ተነሳች።